ኪኒኑ ርካሽ ነው? እስቲ ደብተሬን ላውጣ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሦስት ሰው ተላከልኝ። ሦስቱም የወገቤን ታሪክ የሚያውቁ ናቸው። ርዕሱ «ፊዚዮቴራፒ ለድሃ አገር ቅንጦት ነው» ይላል፤ ፊዚዮቴራፒ ማለት በምክርና በአካል እንቅስቃሴ የሚሰጠው ሕክምና ነው። ጸሐፊው ሥር ለሰደደ ሕመም፣ ማለትም ከሦስት ወር በላይ ለቆየ የወገብ፣ የጉልበት ወይም የአንገት ሕመም፣ መንግሥትም ሆነ ቤተሰብ ያለችውን ገንዘብ መድኃኒት ላይ ቢያውል ይሻላል ባይ ናቸው። ስድስት ምክንያት ደርድረዋል። ኪኒኑ ርካሽ ነው። ማስረጃው የሀብታም አገር ነው። ውጤቱ ትንሽ ነው። ባለሙያ የለንም። ሕዝባችን ሲለፋ ስለሚውል ስፖርት አያስፈልገውም። ቢጀምረውም አይዘልቅበትም።

ጽሑፉ ስድብ የለበትም፤ ታስቦበት የተጻፈ ነው። ስለዚህ ታስቦበት መመለስ አለበት። እኔ ሐኪም አይደለሁም። እዚሁ ሐዋሳ ለሱቆችና ለትንንሽ ድርጅቶች ሒሳብ እሠራለሁ፤ የሚከፈለኝም በሠራሁት ልክ ነው። ወገቤን ማመም ከጀመረኝ ዓመታት አልፈዋል። ጸሐፊው ከመጀመሪያው አንቀጽ እስከ መጨረሻው «ወጪ፣ ወጪ» ይላሉ። ወጪ ከሆነ ነገሩ፣ የኔ ሰፈር ነው።

«አሥር ፍሬ ዳይክሎፌናክ ከአንድ ማኪያቶ ብዙም አይበልጥም። የአንድ ቀን ፊዚዮቴራፒ ግን የሳምንት አስቤዛ ይበላል።»

የጽሑፉ ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው። ሌሎቹ አምስት ነጥቦች ይህችን ተደግፈው ነው የቆሙት።

ሙያ ልማድ ሆኖብኝ የቤቴን ወጪ በደብተር እይዛለሁ። ባለቤቴ ትስቅብኛለች። በ2015 ዓ.ም. ደብተር ውስጥ ወገቤ የራሱ ገጽ ነበረው። ላንብበው። ማስታገሻ ኪኒን፣ አሥር አሥር ፍሬ 24 ጊዜ፣ 1,080 ብር። ሲብስብኝ መርፌ፣ ከማስወጊያው ጋር 14 ጊዜ፣ 840 ብር። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ዓመቱን ሙሉ ታምሜ 2,000 ብር እንኳን አልሞላም።

ቀጣዩ መስመር ግን ኦሜፕራዞል ይላል። ማስታገሻው ጨጓራዬን ሲያቃጥለው የጨጓራ ኪኒን ተጨመረበት፤ 1,080 ብር። እሱም አልበቃ አለና ሐኪምና ኢንዶስኮፒ (ጨጓራን በካሜራ ማየት)፣ 2,600 ብር። ኤምአርአይ፣ 4,000 ብር። የወገብ ቀበቶ፣ 1,200 ብር። ድምሩ 10,800 ብር። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ የጻፍኩት ደግሞ አለ። ከአልጋ መነሳት አቅቶኝ ሥራ ያልሠራሁባቸው 19 ቀናት። በቀን 500 ብር ብቻ ባስበው 9,500 ብር ነው። ጠቅላላ 20,300 ብር። ማኪያቶው አደገ።

በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ላይ አንድ ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ጋ ሄድኩ። «ዶክተር» ስለው «ኧረ ጋሼ፣ ፊዚዮ በሉኝ» አለ። ስድስት ቀን ተመላለስኩ፤ በ400 ብር ሒሳብ 2,400 ብር። ባጃጅ፣ 240 ብር። ለቀጠሮው የተውኩት ስድስት ግማሽ ቀን፣ 1,500 ብር። ከዚያ በኋላ ቤቴ ሰሌን አንጥፌ ብቻዬን ነው የሠራሁት። በዚያ ዓመት ማስታገሻ የገዛሁት ሦስት ጊዜ ነው፣ 135 ብር። ከሥራ የቀረሁት 6 ቀን፣ 3,000 ብር። ጠቅላላ 7,275 ብር።

እዚህ ላይ ደብተር የሚዘጋ ሒሳብ ሠራተኛ አትቅጠሩ። አንደኛ፣ ኤምአርአይና ኢንዶስኮፒ በየዓመቱ አይደገሙም። ሁለቱን ከ2015 ላይ ብሰርዛቸው 13,700 ብር ይቀራል፤ አሁንም እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የጎደለው። ሁለተኛውና ትልቁ ችግር ግን ይህ የአንድ ሰው ደብተር መሆኑ ነው። ሰው ሕክምና የሚሮጠው ሕመሙ ሲጠናበት ነው። ከዚያ በኋላ ምንም ባያደርግም ብዙ ጊዜ ይቀለዋል። ምስጋናውን የሚወስደው መጨረሻ ላይ የተገኘው ነው፤ ፊዚዮው፣ ወጌሻው ወይም የወንዶ ገነት ፍል ውሃ። ስለዚህ በኔ ደብተር ፊዚዮቴራፒ ይፈውሳል ብዬ አልከራከርም። ላሳይ የፈለግኩት ጸሐፊው ቆጠራቸውን ያቆሙበትን ቦታ ነው። ፋርማሲው መስኮት ላይ አቁመዋል። ትልቁ ገንዘብ ያለው ከዚያ በታች ባሉት መስመሮች ላይ ነው።

የኔ ጉዳት ጨጓራ ላይ ስለቆመ ተመስገን ነው። እንደ ዳይክሎፌናክ ያለው ማስታገሻ ለረዥም ጊዜ ሲወሰድ ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የልብ ሕመምንም ሊያመጣ ይችላል። መርፌውም ያለቦታው ከተወጋ ወደ እግር የሚወርደውን ትልቁን ነርቭ ሊነካ ይችላል። ኩላሊት እጥበት ላይ ሰው ያለው ቤተሰብ «ርካሽ» የሚለውን ቃል እንዴት እንደሚሰማው ጠይቁት።

«የሚጠቀሱት ጥናቶች ሁሉ የሀብታም አገር ናቸው።»

እኔም የማውቃቸው ትላልቆቹ ከእንግሊዝና ከአውስትራሊያ የመጡ ናቸው። ጸሐፊው ግን ጥናቶቹ ምን እንዳሉ ሳይነግሩን ነው የጣሏቸው። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ልጥቀስ።

እንግሊዞች አንድ ሕክምና ያዋጣል አያዋጣም ሲሉ እንዲህ ብለው ይጠይቃሉ። አንድ ሰው በሙሉ ጤና የሚኖረው አንድ ተጨማሪ ዓመት ስንት ፓውንድ ይፈጃል? ከ20,000 እስከ 30,000 ፓውንድ ድረስ ከሆነ ያዋጣል ሲሉ ብዙ ዓመት ቆይተዋል። በ2010 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት 701 የወገብ ሕመምተኞች ተሳተፉ። ሁሉም ምክር አገኙ። ከፊሎቹ ደግሞ በትንንሽ ቡድን እስከ ስድስት ጊዜ ተሰብስበው ሕመሙን ስለ መፍራት፣ ስለ እንቅስቃሴ፣ ሥራን ከፋፍሎ ስለ መሥራት ተማሩ። ማሽን የለ፣ መርፌ የለ። በዚያ መለኪያ ዋጋው 1,786 ፓውንድ ሆነ። ከጣሪያው አንድ አሥረኛ እንኳን አልደረሰም።

በ2011 ሌላ ጥናት ወጣ፤ 851 ሰው። ሕመምተኛው መጀመሪያ ዘጠኝ ጥያቄ ይመልሳል። ቀላል የሆነው አንድ ቀን ምክር አግኝቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከበድ ያለው ፊዚዮ ጋ ይላካል። በጣም የከበደው አካሉም ጭንቀቱም አብሮ ይታያል። እንዲህ ሲለዩዋቸው ውጤቱ ከተለመደው አሠራር የተሻለ ሆነ፤ ወጪው ደግሞ በሰው በአማካይ 34 ፓውንድ ቀነሰ። በ2023 አውስትራሊያ ውስጥ 492 የቆየ የወገብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ላይ የተሠራው፣ ፊዚዮ ሕመሙን ሳይፈሩ መንቀሳቀስን የሚያለማምድበት ሕክምና ደግሞ በሰው ከ5,000 የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ለኅብረተሰቡ አዳነ። ያንን ያህል የዳነው በዋናነት ሰዎቹ ሥራቸውን መሥራት ስለቻሉ ነው። ቀይ እስክሪብቶዬ ትዝ አለችኝ።

ፓውንዱን በባንክ ዋጋ መንዝሮ ሐዋሳ ላይ መለጠፍ ስህተት ነው፤ በዚህ እንስማማለን። ግን ልዩነቱ ወዴት ያደላል? ጸሐፊው «እኛ ድሃ ስለሆንን ይወደድብናል» ብለው አለፉት። እስቲ ቀስ ብለን እንየው። እንግሊዝ አገር ውድ የሆነው የሰው ሰዓት ነው። እነዚህ ሕክምናዎች ደግሞ ከሞላ ጎደል የሰው ሰዓት ናቸው። እንዲያም ሆኖ አዋጥተዋል። እኛ ጋ የሰው ሰዓት በብር ነው የሚከፈለው። የኪኒኑ ጥሬ ዕቃ፣ የኤምአርአይ ማሽኑና መለዋወጫው ግን በዶላር ነው የሚገባው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ፋርማሲ የገባ ሁሉ ያስታውሰዋል። ሰሌን ላይ ተጋድሞ እግር ለማንሳት ባንክ ሄዶ የዶላር ኤልሲ አይከፈትም።

«ውጤቱ ትንሽ ነው፤ ሕመሙ አይጠፋም።»

አዎ፣ አይጠፋም። የኔም አልጠፋም። ኮክሬን የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት ነው፤ በ2021 የወጣ አንድ ግምገማው 249 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ ነበር። የቆየ የወገብ ሕመም ላይ እንቅስቃሴ ሕመሙን ከመቶ በሚሰጥ የሕመም ነጥብ ላይ በ15 ነጥብ ያህል ይቀንሳል አለ። ትንሽ ነው? እሺ። እነ ዳይክሎፌናክስ? በ2016 የወጣው የኮክሬን ግምገማ ከመቶ 7 ነጥብ ያህል ነው የሰጣቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ትንሽ ያዳልጣል፤ ኪኒኑ የተወዳደረው ከባዶ ኪኒን ጋር ነው፣ ለስፖርት ደግሞ ባዶ ስፖርት መፈብረክ ከባድ ነው። ግን 15 አነሰ የሚል ሰው 7ን ሊያሞግስ አይችልም።

እዚሁ ነጥብ ሥር ጸሐፊው ሰው ማሽን ላይ ተጋድሞ «ሲንዘር» የሚውልባቸውን ክሊኒኮች ይተቻሉ። እጄን አነሳለሁ። ልክ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2023 ባወጣው የወገብ ሕመም መመሪያ አልትራሳውንድ ሕክምናን፣ ወገብ መጎተቻን፣ በኤሌክትሪክ መንዘሪያውን እንዲሁም የወገብ ቀበቶን አትስጡ ብሏል። ያው መመሪያ ትምህርትን፣ እንቅስቃሴን፣ ማሳጅንና የሥነ ልቦና ሕክምናን ይደግፋል። ከመድኃኒት ደግሞ እነ ዳይክሎፌናክን ሊሰጡ ይችላሉ ይላል፤ ትራማዶል የሚገኝበትን ኦፒዮይድ የሚባለውን የጠንካራ ማስታገሻ ወገን ግን አትስጡ ይላል። ጸሐፊው በማሽኑ ሲስቁ ከማሽኑ ጋር እንቅስቃሴውንም ጠቅልለው መጣላቸው ነው ጥፋቱ። የኔ ባለ 1,200 ብር ቀበቶ አሁን የልጄ ብስክሌት ላይ ዕቃ ማሰሪያ ሆኗል። ለዚያ ጎበዝ ነው።

ስለ ኤምአርአዩም ትንሽ ልበል። «ዲስክህ ተንሸራቷል» የሚለውን ወረቀት ይዤ አንድ ወር ሙሉ ጎንበስ ማለት ፈርቼ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሰፊ ግምገማ ግን ምንም ሕመም የሌላቸውን ሰዎች ምስል ሰብስቦ አየ። በሃያ ዓመታቸው 37 በመቶው፣ በሰማንያ ዓመታቸው 96 በመቶው የዲስክ ማርጀት ታየባቸው። ሽበት በሉት። 4,000 ብር ከፍዬ የገዛሁት ፍርሃት ነበር። ፊዚዮው መጀመሪያ ያስተማረኝ ጎንበስ ማለትን ነው።

ጸሐፊው እንደሚሉት «የመድኃኒት ጠላት» ግን አይደለሁም። የቁርጥማት በሽታ፣ ያ መገጣጠሚያን የሚበላው፣ መድኃኒት ይፈልጋል። የካንሰር ሕመም ሞርፊን ይፈልጋል። የምንከራከረው ስለ ወገብ፣ ስለ ጉልበትና ስለ አንገት ነው።

«ፊዚዮቴራፒስት የታለና?»

ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም ከተማ ላይ ናቸው። ግን የ2010ሩን ጥናት አስታውሱ። በቡድን ነው የተሰጠው። የሰጡትም ፊዚዮዎች ብቻ አልነበሩም፤ ነርሶችም ነበሩበት። የ2011ዱ ደግሞ ከአራት ሰው አንዱ ያህል በአንድ ቀን ምክር ሊሸኝ እንደሚችል አሳይቷል። ባለሙያው ጥቂት ስለሆነ ነው መለየት የሚያስፈልገው። ይህች አገር እኮ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከ30,000 በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን አሰልጥና ቤት ለቤት የላከች ናት። አምስት እንቅስቃሴና ዘጠኝ ጥያቄ ያቅታቸዋል?

ለማንኛውም መለየቱ ቀልድ አይደለም። ከወገብ ሕመም ጋር ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ የሌሊት ላብ፣ የእግር መስነፍ ወይም ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ካለ ሰሌን ማንጠፍ ቀርቶ ቶሎ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። እኛ አገር የአከርካሪ ቲቢ አለ። ያንን በስፖርትም በዳይክሎፌናክም ማባበል እኩል ጥፋት ነው። እንዲያውም ማስታገሻ ከፋርማሲ ዝም ብሎ እየገዙ መክረም ነው ይህንን የሚሸፍነው። ይህን ወጪ ጸሐፊው የት ጻፉት?

«ሕዝባችን ቀኑን ሙሉ ሲንቀሳቀስ ይውላል። ስፖርት የቢሮ ሰው ጭንቀት ነው።»

እርስዎ ሐዋሳ ይምጡና ላዙርዎት። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ወጣት ሴቶች ስፌት መኪና ላይ አንገታቸውን ደፍተው ይውላሉ። ባጃጅ ነጂው መሪው ላይ ታጥፎ ከመናኸሪያ አቶቴ ሲመላለስ ይመሽበታል። አሞራ ገደል ዓሣ የሚበልቱት ልጆች ቁጢጥ እንዳሉ ነው። ሁሉም ይለፋሉ። ግን አንዱን እንቅስቃሴ ነው ሺህ ጊዜ የሚደጋግሙት፤ መጠኑን የሚወስነውም አለቃው ወይም ገበያው ነው። ስፖርቱ ላይ መጠኑን የምትወስነው አንተ ነህ፤ ዛሬ አምስት፣ የሚቀጥለው ሳምንት ሰባት። ፊዚዮው ሒሳብ ሠራተኛ መሆኔን ሲያውቅ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ ሥራዎ ከወገብዎ ወጪ ያደርጋል፤ ይሄ ደግሞ ገቢ ያደርግለታል።» ልጁ ገበያውን ያውቃል።

መራመድም እንደዚያው ነው። በ2024 ከአውስትራሊያ የወጣ ጥናት (እንደ አጋጣሚ እሱም 701 ሰው ነው) ወገባቸውን አሟቸው የተሻላቸውን ሰዎች ወሰደ። ከፊሎቹ ከፊዚዮ ምክር ጋር ቀስ በቀስ የሚጨምር እርምጃ ጀመሩ። ሕመሙ እስኪመለስ ድረስ ግማሾቹ ያህል 208 ቀን ቆዩ፤ ያልጀመሩት ዘንድ 112 ቀን ነው። ሦስት ወር ከምናምን ተጨማሪ ሰላም ማለት ነው፣ በጫማ ዋጋ። ፍቅር ሐይቅ ዳር ያለው መንገድ ደግሞ አያስከፍልም። አቧራውንና ሰልፊ የሚነሳውን ሰው ከቻሉ።

«ሰው አይዘልቅበትም።»

በስድስተኛው ነጥብ ላይ መከራከሪያ የለኝም። ኪኒን ለመዋጥ ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ለስፖርቱ በየቀኑ ሃያ ደቂቃና ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃድን ደግሞ የትኛው መዝገብ ላይ እንደምጽፈው አላውቅም። ያየሁትን ልናገር። ብቻዬን ስሠራ በሦስት ሳምንት እተወዋለሁ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ጎረቤታችን እትዬ በራችንን ሲያንኳኩ ግን ተነስቼ አብሬያቸው እሄዳለሁ፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ደርሰን እንመለሳለን። ወሬያቸው ከእርምጃው ይረዝማል። የእንግሊዞቹ ነገር በቡድን መሆኑም ሳይጠቅም አልቀረም።

እትዬ ለልጃቸው ሠርግ አዲስ አበባ ከሄዱ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው። እኔም ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ይህን የጻፍኩት ኮምፒውተሬን መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ፣ ቆሜ ነው። የዚህ ወር ገጽ ላይ አሥር ፍሬ ዳይክሎፌናክ ተመዝግቧል፤ 80 ብር። ያኔ 45 ነበር።